ቤት ሲሸጥ ደማቅ ግድግዳ ይቀባ ወይስ ይተው? ከቆሼ ሰፈር የተነሣ የቀለም ትምህርት

እስቲ አንድ ሁኔታ አብረን እናስብ። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቆሼ እየተባለ በሚጠራው አካባቢ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ሊሸጥ ተነሥቷል እንበል። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ከውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ ሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ ከብዙ ዓመታት በፊት በደማቅ ሰማያዊ፣ መኝታ ቤቱ ደግሞ በደማቅ ቢጫ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ደላላው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «ይህን ነጭ ብታስቀቡት ገዢ ቶሎ ይገኛል» ይላቸዋል። የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ አሮጌውን ቀለም ሊፍቅ እጅጌውን ሰብስቧል። የሁለት ዓመት እኅቱ ከእግሩ ሥር ትጫወታለች።

ይህ ልጅ መፋቁን ይቀጥል? ቤተሰቡስ ደማቁን ቀለም መለወጥ አለበት? ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና የጤና ሳይንስ የሚገናኙበት ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በየክፍሉ ከፋፍለን እንመረምራለን።

ቀለም ከምን ይሠራል?

ማንኛውም የግድግዳ ቀለም ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ፒግመንት ወይም ማቅለሚያ ዱቄት ነው፤ የምናየውን ቀለም የሚሰጠውና ሥሩን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱና ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው አጣባቂ ነው። ሦስተኛው ቀለሙ በብሩሽ ወይም በሮለር እንዲሳብ የሚያቀጥነውና ኋላ ተንኖ የሚጠፋው ፈሳሽ ነው። በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም በምንለው ውስጥ ይህ ፈሳሽ ውሃ ሲሆን፣ በዘይት ቀለም ውስጥ ደግሞ እንደ አኳራጅ ያለ አሟሚ ነው።

ኖራ ከእነዚህ ይለያል። የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ኖራ ፒግመንቱም አጣባቂውም ራሱ ነው።

ደማቅ ግድግዳ ለክፍሉ ብርሃን ምን ያደርጋል?

ግድግዳ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን የብርሃን ክፍል መልሶ ሌላውን ስለሚመጥ ነው። የተመጠጠው ብርሃን ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ለዓይናችን አይመለስም። ጥሩ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 75 እጅና ከዚያ በላይ ሲመልስ፣ ጥቁር ሰማያዊ ግን ከመቶ 10 እጅ ያህሉን ብቻ ሊመልስ ይችላል።

ልዩነቱ በአንድ ነጸብራቅ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በመስኮት የገባ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከወለል ወደ ኮርኒስ ደጋግሞ ይነጥራል። የክፍሉን አማካይ የማንጸባረቅ አቅም «ነ» ብንለው፣ ከብዙ ነጸብራቆች በኋላ በክፍሉ ውስጥ የሚገኘው ጠቅላላ ብርሃን በግምት 1 ÷ (1 − ነ) በሚባለው ቁጥር ይባዛል። ይህ በሒሳብ ትምህርት የምናውቀው የማያልቅ የጂኦሜትሪ ተከታታይ ድምር ነው።

በምሳሌ እንየው። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ይሁን። ግድግዳዎቹ 35 ካሬ ሜትር፣ ወለሉና ኮርኒሱ እያንዳንዳቸው 12 ካሬ ሜትር፣ ድምሩ 59 ካሬ ሜትር ነው። ኮርኒሱ 0.7፣ ወለሉ 0.2 የሚያንጸባርቅ ከሆነና ግድግዳው ጥቁር ሰማያዊ (0.10) ከሆነ አማካዩ 0.24 ያህል ይሆናል፤ ብርሃኑም በ1.3 ይባዛል። ግድግዳውን ነጭ (0.75) ብናደርገው አማካዩ ወደ 0.63 ያድጋል፤ ብርሃኑም በ2.7 ይባዛል። ያው መስኮት፣ ያው ፀሐይ፣ ነገር ግን ሁለት እጥፍ ብርሃን ማለት ነው።

እንግዲህ የደላላው ምክር መሠረት የሌለው አይደለም። መስኮቱ ጠባብ በሆነ፣ ጎረቤት በተጠጋው ክፍል ውስጥ ቀላ ያለ ነጭ ቀለም ክፍሉን በእርግጥ ያበራዋል። መስኮቱ ሰፊ በሆነና ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ግን ጥቅሙ ያንሳል። እንደ ቢጫ ያሉ ቀለሞች ደማቅ ቢሆኑም ብዙ ብርሃን ስለሚመልሱ ከጥቁር ሰማያዊ ጋር አንድ ላይ ሊቆጠሩ አይገባም። ደማቅነትና ጨለማነት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

አንድ እጅ ነጭ ለምን አይበቃም?

ደማቅ ግድግዳን ነጭ የቀባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። አንድ እጅ ሲቀቡት ሥሩ ይታያል። ሁለተኛ እጅ ይጨመራል፤ አንዳንዴም ሦስተኛ።

ምክንያቱ የብርሃን መታጠፍ ነው። ነጭ ቀለም ሥሩን የሚሸፍነው ብርሃን ከፒግመንቱ ቅንጣት ወደ አጣባቂው ሲሻገር በድንበሩ ላይ በከፊል ስለሚንጸባረቅ ነው። የሁለቱ የብርሃን መታጠፊያ ቁጥሮች በተራራቁ መጠን ነጸብራቁ ይበረታል። በዛሬ ጥሩ ነጭ ቀለሞች ውስጥ ያለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህ ቁጥሩ 2.7 ያህል ሲሆን የአጣባቂው 1.5 ያህል ነው። በየድንበሩ ከመቶ 8 እጅ ያህል ብርሃን ይመለሳል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ግን ቁጥሩ 1.6 አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያው አጣባቂ ውስጥ የሚመልሰው ከመቶ 0.1 እጅ ብቻ ነው። ርካሽ ቀለም ብዙ እጅ የሚፈልገው ታይታኒየሙ ቀንሶ የድንጋይ ዱቄቱ ስለሚበዛ ነው።

ኖራ ራሱ ሲደርቅ የሚነጣው በቅንጣቶቹ መካከል አጣባቂ ሳይሆን አየር ስላለ ነው፤ የአየር ቁጥር 1 በመሆኑ ልዩነቱ ይሰፋል። ሲርስ ግን ውሃ የአየሩን ቦታ ይይዝና ግድግዳው የሚደበዝዝ፣ ሥሩም የሚታይ ይመስላል።

ስለ ወጪው እናስላ። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ከሆነ፣ 35 ካሬ ሜትር ግድግዳ ለአንድ እጅ 3.5 ሊትር፣ ለሦስት እጅ 10.5 ሊትር ይፈልጋል። የሠራተኛው ዋጋ፣ ስቱኮውና ፕራይመሩ ይጨመሩበት። ቤተሰቡ ይህን ወጪ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር ማመዛዘን አለበት።

ቀለም ዋጋ ይጨምራል?

ብዙዎች ይህን በቁጥር ለመመለስ ሞክረዋል። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ሽያጭ መረጃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ32,000 በላይ የተሸጡ ቤቶችን ፎቶግራፎች መርምሮ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ የመታጠቢያ ክፍል ያላቸው ቤቶች ከሚጠበቀው በ5,440 ዶላር ብልጫ እንደተሸጡ አስታውቆ ነበር። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሰማያዊ እንቀባ» ሊል ይችላል።

የሳይንስ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። መታጠቢያ ክፍሉን በቅርቡ በወቅቱ ፋሽን ያስቀባ ሰው ቧንቧውንም፣ ሴራሚኩንም፣ ጣሪያውንም የጠገነ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን የጨመረው ጥገናው ይሁን ቀለሙ ከፎቶግራፍ ብቻ መለየት ይቸግራል። ከዚህም በላይ የአንድ አገር ገዢዎች ምርጫ ለሌላው አገር ሕግ አይሆንም።

በአገራችን ሁኔታው የባሰ ይለያል። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ቤት ሻጭ የሚያስተላልፈው ቤቱንና ከእርሱ ጋር ያለውን የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ገዢ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ካርታው፣ ስለ ይዞታው ስፋት፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃና መብራቱ ነው። ብዙ ገዢም ቤቱን አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ያስባል። እንዲህ ላለው ገዢ የሳሎኑ ቀለም ምንም አይደለም። ለሚኖርበት ገዢ ግን ንጹሕና ብሩህ ክፍል የመጀመሪያውን ስሜት ያሳምራል። ቀለም ገዢን ሊያቀርብ ይችላል፤ የቤቱን ዋና ዋጋ የሚወስኑት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ቀለም የማይሸፍነው

ከእነዚህ ሌሎች ነገሮች አንዱ ስፍራው ነው። ቆሼ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ የተከማቸበት ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸው አለፈ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ የረጲ ደረቅ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል የመለወጫ ጣቢያ ተመርቋል። በዚህ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱ ከክምሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከቁልቁለቱ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ መጠየቁ ከግድግዳው ቀለም የበለጠ ነገር ነው። ሻጭም በእውነት ሊመልስለት ይገባል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ውሃ ከመሬት ወደ ጭቃ ግድግዳ በቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይህን እርጥበት ወደ አየር ይለቀዋል። የዘይት ቀለም ግን ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ እርጥበቱ ከሥሩ ይታፈናል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ግድግዳውም ይቦረቦራል። በክረምት እንዲህ ያለውን ግድግዳ በነጭ ቀለም ሸፍኖ ለገዢ ማሳየት ችግሩን ለጥቂት ሳምንታት መደበቅ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የተሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጭ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። መጀመሪያ የሚጠገነው ጣሪያውና የውሃ መውረጃው እንጂ ቀለሙ አይደለም።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ወዲያው የዘይት ቀለም መቀባትም ስሕተት ነው። አዲስ ልስን ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሳሙና በሚሠራበት መንገድ ማለት ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት ያህል እንዲደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በደማቅ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በአማርኛችን የምንጽፍበትን እርሳስና ብረቱን እርሳስ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። የምንጽፍበት እርሳስ መሐል ያለው ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ሲሆን መርዛማ አይደለም። ብረቱ እርሳስ ግን መርዝ ነው።

የእርሳስ ውሕዶች ለረጅም ዘመን በቀለም ውስጥ ገብተዋል። ሌድ ክሮሜት ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀልም ብርቱካናማና አረንጓዴ ይገኝበታል። ቀዩ የእርሳስ ኦክሳይድ ለብረት አንቲረስት ያገለግል ነበር። ሌሎች ውሕዶች ደግሞ የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመራሉ። ለዚህ ነው ደማቅ ቀለሞች ከነጭ ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ እርሳስ የሚኖራቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከዘጠኝ አገሮች ገበያ የተገዙ የዘይት ቀለሞችን የምርመራ ውጤት ባሳተመበት ጊዜ፣ በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቀለም ከ10,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከመቶ 1 እጅ በላይ እርሳስ ያለባቸው ቀለሞች ተገኝተዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በአንድ ኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ ግን የሚገዛው አዲስ ቀለምን ነው፤ ከደንቡ በፊት ግድግዳ ላይ የደረቀው ቀለም ዛሬም እዚያው አለ።

ሒሳቡን እንሥራ። የደረቀ የቀለም ንጣፍ ውፍረት 50 ማይክሮ ሜትር፣ እፍጋቱም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.4 ግራም ቢሆን በአንድ ካሬ ሜትር 70 ግራም ይመዝናል። 35 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 2,450 ግራም ቀለም አለ። ከመቶ 1 እጁ እርሳስ ከሆነ 24.5 ግራም እርሳስ ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅ ከሺህ አንድ እጁ ብቻ በክፍሉ ውስጥ አቧራ ሆኖ ቢቀር 24,500 ማይክሮ ግራም እርሳስ ወለሉ፣ አልጋውና ምግቡ ላይ ይወርዳል።

ይህ ብዙ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በልጅ ደም ውስጥ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እርምጃ እንዲወሰድ ይመክራል። የሁለት ዓመት ልጅ ደም አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ይህ መጠን በጠቅላላው 50 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያህል የተላጠ የቀለም ቅርፊት ባሰላነው መጠን 70 ማይክሮ ግራም እርሳስ ይይዛል። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ እስከ ግማሽ ያህሉ ወደ ሰውነታቸው ይገባል፤ በአዋቂዎች ይህ መጠን ከመቶ 10 እጅ አካባቢ ነው። እርሳስ የካልሲየምን ቦታ እያስመሰለ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል፤ የመማርና የማስተዋል ችሎታን ይቀንሳል። ጉዳት የማያደርስ ዝቅተኛ መጠን አልታወቀለትም። የአንጎል ጉዳቱም አንዴ ከደረሰ ተመልሶ የሚስተካከል አይደለም።

እዚህ ላይ የቆሼን አካባቢ የሚመለከት አንድ የኬሚስትሪ ነጥብ እንጨምር። ቆሻሻ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከእነርሱም ጋር በጥቂቱ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከእርሳስ ውሕዶች ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሌድ ሰልፋይድ ይፈጥራል። በዚህም ምክንያት እርሳስ ያለበት ቀለም በጊዜ ብዛት ሊጠቁር ይችላል። ነገር ግን ግድግዳን የሚያጠቁሩ ጭስና ሻጋታም ስላሉ መጥቆር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው በላቦራቶሪ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ወይም በሌላ የታወቀ ዘዴ ሲመረመር ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ቀለሙ ጤናማ ከሆነ፣ ማለትም ካልተላጠና ካላበጠ፣ መፋቅ አያስፈልግም። ግድግዳውን በሳሙና ውሃ አጥቦ መተው ወይም ማስታወቂያው ላይ የሚታየውን ሳሎን ብቻ መቀባት ይበቃል። ብሩህ ቢጫ ክፍል ለብርሃን ብሎ መለወጥ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ከሆነ፣ ግድግዳውም ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ በነጭ መሸፈኑ ወጪውን ሊመልስ ይችላል። አሮጌው የዘይት ቀለም አንጸባራቂ ስለሆነ አዲሱን ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ ሳይፋቅ በላዩ የሚይዝ ፕራይመር ቀድሞ ይቀባ።

ሦስተኛ፣ አሮጌ የዘይት ቀለም ተላጦ መነሣት ካለበት በደረቁ አይፋቅ፣ በእሳትም አይቃጠል። ውሃ እየተረጨ በእርጥቡ ይነሣ። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ምግብና አልባሳት ይውጡ። የሚሠራው ሰው ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ያድርግ፤ ተራ ጨርቅ አይበቃም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ፣ ክፍሉ በእርጥብ ጨርቅ ተደጋግሞ እስኪወለወል ድረስ ከቤቱ ይራቁ። ቅርፊቱ በፕላስቲክ ይታሰር እንጂ ግቢ ውስጥ አይበተን።

አራተኛ፣ እርጥብ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት የእርጥበቱ ምንጭ ይጠገን። ገዢውም ስለ ግድግዳውና ስለ አሮጌው ቀለም እውነቱን ይወቅ፤ ነገ በዚያ ቤት የሚያድጉት የእርሱ ልጆች ናቸውና።

ስለዚህ ለተማሪያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሳሎኑን ነጭ ማድረግ ትችላለህ፤ ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ይሆንልሃል። ብርጭቆ ወረቀቱን ግን አስቀምጥ፤ እኅትህንም ወደ ውጭ ይዘሃት ውጣ።

ለአንባብያን መልመጃ

1. የመኝታ ክፍላችሁን የግድግዳ፣ የወለልና የኮርኒስ ስፋት ለኩ። የማንጸባረቅ አቅማቸውን ገምታችሁ ከላይ ባለው መንገድ ክፍሉ ብርሃንን በስንት እንደሚያባዛ አስሉ። ግድግዳው ነጭ ቢሆን ልዩነቱ ስንት ይሆናል?

2. ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሳችሁ የረጠበው ክፍል ከደረቀው ለምን እንደሚለይ በብርሃን መታጠፊያ ቁጥር አስረዱ።

3. ዚሎው ካወጣው ውጤት በስተጀርባ ከቀለም ሌላ ሊኖሩ የሚችሉ ሦስት ምክንያቶችን ጻፉ። የቀለሙን ውጤት ብቻ ለመለየት ምን ዓይነት ጥናት ብትነድፉ ይሻላል?